ሰብዉፈርን ከሪሲቨር ጋር ስለ ማገናኘት

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በብዙ የከተማ ቤቶች ሳሎን ውስጥ፥ በቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ከሚቆሙት ስፒከሮች ሌላ፥ በማዕዘን በኩል ወለል ላይ የሚቀመጥ አንድ ጥቁር ሣጥን ይታያል። አንዳንዱ ቤተሰብ ከመርካቶ ገዝቶ ያመጣዋል፤ ለአንዳንዱም በውጭ አገር የሚኖር ልጁ ወይም ወንድሙ ለዕረፍት ሲመጣ ይዞለት ይገባል። ይህ ሣጥን ሰብዉፈር ይባላል። ዳሩ ግን በአንዳንድ ቤት ስፒናው ተሰክቶ መብራቱ በርቶ እያለ አንዳች ድምፅ ሳይሰጥ የአበባ ማስቀመጫ ሆኖ ይኖራል፤ በሌላውም ቤት ያለ ልክ እየጮኸ ቤተሰቡንም ጎረቤቱንም ዕረፍት ይነሣል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በተሰካበት ቀን ጨሶ የሚቀረው ነው። የዚህ ሁሉ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ሳይሆን አያያዙ ስለ ሆነ፥ እንዴት እንደሚገናኝና እንዴት እንደሚስተካከል ለአንባቢዎቻችን በዚህ ገጽ ልናስረዳ ወደድን።

አስቀድሞ ስለ ስም መግባባት ያስፈልጋል። በአገራችን «ሪሲቨር» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ከዲሽ የሚወርደውን ገመድ ተቀብሎ ጣቢያዎቹን ለቴሌቪዥን የሚያቀርበውን ትንሽ ሣጥን ነው። እኛ አሁን የምንናገርለት ግን ሌላ ነው። የቤት ቴአትር ሪሲቨር የሚባለው ከቴሌቪዥኑም፣ ከዲሹ ሣጥንም፣ ከዲስክ ማጫወቻውም የሚመጣውን ድምፅ ተቀብሎ፥ አጉልቶ፥ ለየስፒከሩ የድርሻውን የሚያከፋፍል መሣሪያ ነው። የዲሹ ሪሲቨር በአንድ እጅ መዳፍ ይያዛል፤ የቴአትሩ ሪሲቨር ግን በሁለት እጅ የሚነሣ ከባድ ዕቃ ሲሆን፥ በጀርባውም ቀይና ጥቁር የሽቦ መቆለፊያዎች ተደርድረው ይታያሉ። ሁለቱን ያለያየ ሰው ሰብዉፈሩን በዲሹ ሣጥን ጀርባ ሲፈልግ ቀኑን ያሳልፋል።

ሰብዉፈር የሚለው ቃል እንግሊዝኛ ነው። እንግሊዞች የውሻን ወፍራም ጩኸት «ዉፍ»፥ የወፍን ቀጭን ጩኸት «ትዊት» ይሉታል፤ ከዚህም የተነሣ ወፍራሙን ድምፅ የሚሰጠውን ስፒከር ዉፈር፥ ቀጭኑን የሚሰጠውን ትዊተር ብለው ሰየሙት። «ሰብ» ማለት በታች ማለት ስለ ሆነ፥ ሰብዉፈር ከዉፈሩም በታች የሚወርደውን ድምፅ የሚያሰማ ማለት ነው። እኛም በቋንቋችን ድምፅን ወፍራምና ቀጭን እያልን ስለምንከፍል ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም። ወፍራም ድምፅ ማለት ዝግ ብሎ የሚርገበገብ፥ ቀጭን ድምፅ ማለት ፈጥኖ የሚርገበገብ ነው። የመርገብገቡም ብዛት በሰከንድ እየተቆጠረ ሄርትዝ በሚባል መለኪያ ይነገራል። የሰው ጆሮ ከ20 ሄርትዝ እስከ 20,000 ሄርትዝ ያለውን ይሰማል ይባላል። ቤዝ ጊታር የሚባለው ክራር መሰል መሣሪያ ዝቅተኛው ክሩ 41 ሄርትዝ ያህል ነው፤ የፒያኖ የመጨረሻው ወፍራም ድምፅ 27 ተኩል ይደርሳል። የጎልማሳ ወንድ የንግግር ድምፅ ግን ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ85 ሄርትዝ ገደማ ነው። ይህን የመጨረሻውን ቁጥር አንባቢያችን ልብ ይበልልን፤ ወደ ኋላ ይጠቅመናል።

ወፍራም ድምፅ ለማሰማት ብዙ አየር መግፋት ያሻል። በከበሮ ላይ ይህን በዓይናችን እናየዋለን፤ በሰፊው አፉ በኩል የተመታው ወፍራም፥ በጠባቡ በኩል የተመታው ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። እንግዲህ በቴሌቪዥን ሆድ ውስጥ ያለችው የእጅ ጣት የምታህል ስፒከር የከበሮውን ትልቁን አፍ ድምፅ ልታሰማን አትችልም። የምንሰማው የዱላውን ወይም የእጁን ምት እንጂ የሚከተለውን ጥልቅ ድምፅ አይደለም። በበዓል ቀን የተቀረጸ ዝማሬ በቤት ውስጥ ሲሰማ ደረቅ የሚመስለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በሲኒማ ቤት ይህን ጉድለት ለመሙላት የተደረገው ሙከራ ቆየት ያለ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 በአሜሪካ «የመሬት መንቀጥቀጥ» የተሰኘ ፊልም ሲታይ፥ የተመልካቹ ወንበር እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ወፍራም ድምፅ የሚያወጡ ትልልቅ ስፒከሮች በአዳራሹ ውስጥ ተተክለው ነበር። በ1992 ደግሞ ዶልቢ ዲጂታል የተባለው አሠራር በሲኒማ ቤቶች ሥራ ጀመረ። በዕቃዎች ካርቶን ላይ ብዙ ጊዜ «5.1» ተብሎ የሚጻፈው የዚህ ዓይነቱን አከፋፈል ያመለክታል፤ አምስቱ ከፊት ለግራ፣ ለመካከልና ለቀኝ፥ ከጎን ወይም ከኋላ ለሁለቱ የሚላኩ ሙሉ ድምፆች ሲሆኑ፥ ነጥብ አንድ የተባለው ከ120 ሄርትዝ በታች ላለው ወፍራም ድምፅ ብቻ የተለየው መስመር ነው። ይህ መስመር በእንግሊዝኛው የፊደል አጠራር ኤል ኤፍ ኢ ይባላል። ይህን ስም በዕቃዎቹ ጀርባ ላይ ስለምናገኘው ማስታወስ ይጠቅማል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ ሥራውም የሚጀምረው ከገመድ ሳይሆን ከመብራት ኃይል ነው። በአገራችን የሚሠራጨው ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ሄርትዝ ነው። በአሜሪካ ግን 120 ቮልትና 60 ሄርትዝ ነው። ከአውሮፓ፣ ከእስራኤልና ከዱባይ የሚመጣው ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ለ220 ወይም ለ230 ቮልት የተሠራ ስለ ሆነ ችግር የለበትም። ከአሜሪካ የሚመጣው ግን ሌላ ነው።

ከምናውቃቸው ቤተሰቦች በአንዱ የሆነው ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ጡረታ የወጡ አንድ አባት ልጃቸው ከአሜሪካ ሪሲቨርና ሰብዉፈር አመጣችላቸው። ጠፍጣፋው የአሜሪካ ስፒና ከግድግዳው ሶኬት አልገባ ስላለ፥ ከሱቅ ትንሽ አዳፕተር ተገዝቶ ተሰካ። ሪሲቨሩ በበራ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የተቃጠለ ነገር ሽታ ቤቱን ሞላው። ልጅቱም ተደናግጣ፥ «አባዬ፥ እዚያ እኮ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳይበላሽ ነው የሠራልኝ» አለች። የሰፈሩ ጠጋኝ ክዳኑን ከፍቶ የጠቆረውን ትራንስፎርመር እያሳያቸው፥ «ጋሼ፥ ዕቃው ጤነኛ ነበር፤ የማይችለውን አጠጥታችሁት ነው እንጂ» አላቸው። በእርግጥም ለ120 ቮልት በተሠራ ዕቃ ላይ 220 ቮልት ሲለቀቅ፥ በተራ ሙቀት ሰጪ ሽቦ ላይ ቢሆን ኃይሉ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆን ነበር። ሰብዉፈሩ ያን ቀን ገና አልተሰካም ነበርና ተረፈ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሪሲቨሩንም የሰብዉፈሩንም ጀርባ አዙሮ ጽሑፉን ማንበብ ያስፈልጋል። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ያለ ሥጋት ይሰካል። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ግን ቮልቱን የሚያወርድ ትራንስፎርመር የግድ ነው። አዳፕተር የስፒናውን ቅርጽ እንጂ ኤሌክትሪኩን አይለውጥም። በአንዳንድ ሰብዉፈር ጀርባ ቮልት መምረጫ ማብሪያ ይገኛል፤ በ115 ላይ ከሆነ ስፒናው ከመሰካቱ በፊት ወደ 230 ይዞራል። ትራንስፎርመር ሲገዛም በዕቃዎቹ ጀርባ የተጻፈው ዋት ተደምሮ ከዚያ የሚበልጥ መመረጥ አለበት፤ ለምሳሌ ሪሲቨሩ 450፥ ሰብዉፈሩ 150 ዋት ቢሆን ድምሩ 600 ነውና የ1,000 ዋት ትራንስፎርመር ቢገዛ ሳይጨነቅ ይሠራል። ትራንስፎርመሩ 60ውን ሄርትዝ አይመልስም፤ ለ60 ሄርትዝ ብቻ የተሠራ ዕቃም በ50 ሲሠራ ሙቀቱ ስለሚጨምር፥ በላዩ ጨርቅ ማልበስና በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ አይገባም። መብራት ሲጠፋም ስፒናውን መንቀል ደግ ልማድ ነው፤ ተመልሶ ሲመጣ ኃይሉ ከልኩ ሊያልፍ ይችላልና። ስታብላይዘር ያለው ቤት ይህን ሥጋት በከፊል ያቃልላል።

ሁለተኛው ጥያቄ ሰብዉፈሩ ከየትኛው ዓይነት ነው የሚለው ነው። አንደኛው ዓይነት ማጉያውን በሆዱ የያዘ ነው፤ የራሱ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ የራሱ ማብሪያና የድምፅ ማስተካከያ አለው። ሁለተኛው ማጉያ የሌለው ሲሆን፥ ከጀርባው ሁለት የሽቦ መቆለፊያ ብቻ ይታያል፤ ከሙሉ ዕቃ ጋር በአንድ ካርቶን ተሽጦ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ይህ ነው፥ ኃይሉንም ከዚያው ከአብሮ አደጉ ማጉያ ያገኛል። ይህን ሁለተኛውን ከሌላ ሪሲቨር ጋር ማጋባት አንመክርም። በሪሲቨሩ የሰብዉፈር መውጫ በኩል ቢያያዝ ድምፅ አይሰጥም፤ ከዚያ የሚወጣው ገና ያልጎላ ደካማ ምልክት ነውና። በስፒከር መቆለፊያው በኩል ቢያያዝ ደግሞ ሪሲቨሩ ከሚችለው በላይ ሸክም ሊሆንበትና ሊያቃጥለው ይችላል። እንግዲህ የሚከተለው ምክር ሁሉ ማጉያውን በሆዱ ለያዘው ነው።

ማገናኘቱ ራሱ ከተፈራው ይልቅ ቀላል ነው። ሪሲቨሩም ሰብዉፈሩም ከሶኬት ተነቅለው ይቆዩ። በሪሲቨሩ ጀርባ «ሰብዉፈር አውት» ወይም «ሰብዉፈር ፕሪ አውት» የሚል ጽሑፍ ያለበት አንድ ክብ ቀዳዳ ይገኛል። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሰብዉፈሩ የሚሄደው ገመድ አንድ ብቻ ነው፤ ጫፉም አርሲኤ የሚባለው፥ በጥንቱ የአሜሪካ ሬድዮ ኮርፖሬሽን ስም የተጠራው፥ መሐሉ ሹል ዙሪያው ቀለበት የሆነ መሰኪያ ነው። ለዚህ ሥራ ውድ ገመድ መግዛት አያሻም። በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ ተጠቅልሎ የተረሳው፥ የቀድሞው ቪዲዮ ማጫወቻ ባለ ቢጫ ጫፍ ገመድ በሚገባ ይሠራል፤ በውስጡ ያለው ሽቦ በመረብ የተሸፈነ ስለ ሆነ የውጭ ኤሌክትሪክ በቀላሉ አይገባበትም። ርዝመቱ ካልደረሰ ግን ሌላ ሽቦ እየቀጠሉ ማስረዘም ድምፁን ያበላሻል፤ ረጅሙን መግዛት ይሻላል።

ገመዱ በሰብዉፈሩ በኩል ሲደርስ ጥርጣሬ ይነሣል፤ በዚያ ሁለት ወይም ሦስት ቀዳዳ ይኖራልና። ኤል ኤፍ ኢ የሚል ካለ እርሱ ነው። ከሌለ፥ ግራና ቀኝ ከሚሉት መካከል ግራው ይመረጣል፤ ብዙ ጊዜም ከግራው አጠገብ «ሞኖ» ተብሎ ይጻፋል። አንዱን ወደ ሁለት የሚከፍል ቅርንጫፍ ገመድ ገዝቶ ሁለቱንም መሙላት ይቻላል፤ በአንዳንዱ ሰብዉፈር ይህ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል፥ ባይደረግ ግን የሚጎድል ነገር የለም። ሪሲቨሩ እጅግ አሮጌ ሆኖ የሰብዉፈር መውጫ የሌለው እንደ ሆነስ? ሰብዉፈሩ የስፒከር ሽቦ መቀበያ ካለው፥ ከሪሲቨሩ የግራና የቀኝ ስፒከር መቆለፊያ ሽቦ ስቦ ወደ እርሱ ማምጣት፥ ስፒከሮቹንም እንደ ቀድሞው ማስቀጠል ይቻላል። በዚህ ጊዜ ቀዩ ከቀይ፥ ጥቁሩ ከጥቁር መሄዱንና የተላጡት ሽቦዎች እርስ በርስ አለመነካካታቸውን ሁለት ጊዜ ማየት ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጨርሻለሁ ብሎ ይቀመጣል። ከዚያም ፊልም ሲከፈት ሰብዉፈሩ ይሠራል፤ ዜና ወይም መዝሙር ሲከፈት ግን ጸጥ ይላል። ዕቃው ተበላሸ ተብሎ ወደ ጠጋኝ የሚወሰደው በዚህ ምክንያት ነው። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ ተራው የቴሌቪዥን ስርጭት ብዙውን ጊዜ የግራና የቀኝ ድምፅ ብቻ ያለው እንጂ ያ ነጥብ አንድ የተባለው ልዩ መስመር የለውም። ሪሲቨሩ ደግሞ የፊት ስፒከሮች «ላርጅ» ማለት ትልልቆች ናቸው ተብሎ ከተነገረው፥ ወፍራሙንም ቀጭኑንም ለእነርሱ ይሰጥና ለሰብዉፈሩ የሚተርፍ ነገር አይኖርም። መድኃኒቱ በሪሲቨሩ የማስተካከያ ገጽ ገብቶ ሰብዉፈር አለ ብሎ ማስታወቅና ስፒከሮቹን ሁሉ «ስሞል» ማለት ትንንሾች ናቸው ብሎ መመዝገብ ነው። ስፒከራቸው ቁመቱ ወገብ የሚደርስ ሰዎች ይህ ቃል ቅር ያሰኛቸዋል። ቃሉ ግን የስፒከሩን ቁመት ሳይሆን ወፍራሙን ድምፅ ለሌላ መተዉን ነው የሚያመለክተው። «ዳይሬክት» የተባለው ማዳመጫ ቁልፍ ከተነካም በብዙዎቹ ሪሲቨሮች ይህ ሁሉ ማስተካከያ ስለሚታለፍ ሰብዉፈሩ ዝም ሊል ይችላል።

ቀጥሎ ሪሲቨሩ የሚጠይቀው የድንበሩን ቁጥር ነው፤ ከየትኛው ሄርትዝ በታች ያለው ወደ ሰብዉፈሩ ይሂድ? ቲኤችኤክስ የተባለው የሲኒማ ድምፅ መመዘኛ 80 ሄርትዝን መርጧል፥ ለአብዛኛው ቤትም ይህ ይስማማል። ቀደም ብለን ልብ ይባል ያልነው ቁጥር እዚህ ላይ ይጠቅመናል። የወንድ ንግግር ከ85 ገደማ ስለሚጀምር ድንበሩ 80 ሲሆን ንግግሩ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ካሉት ስፒከሮች ይወጣል። ድንበሩ ወደ 150 ወይም 200 ቢወጣ ግን ዜና አንባቢው ግማሽ ድምፁ ከማዕዘኑ ሣጥን ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። ጆሮ ከ80 ሄርትዝ በታች ያለው ድምፅ ከየት አቅጣጫ እንደ መጣ ለይቶ ለማወቅ ይቸገራል፤ ሣጥኑን ከዓይን በራቀ ቦታ ማስቀመጥ የተቻለውም በዚህ የተነሣ ነው። ስፒከሮቹ እንደ ቡና ስኒ የሚያንሱ ከሆኑ ግን 80 ስለማይችሉ 120 ወይም ከዚያ በላይ ይደረግላቸዋል። ድንበሩን የሚወስነው ሪሲቨሩ ስለ ሆነ፥ በሰብዉፈሩ ጀርባ ያለው የዚሁ ዓይነት ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ከፍ ብሎ ይተው፤ ሁለቱም ከቆረጡት በድንበሩ ላይ ያለው ድምፅ ይጠፋል።

የሰብዉፈሩ የድምፅ ማዞሪያ መጀመሪያ ከግማሽ ሳያልፍ ይቀመጥ። በብዙ ሪሲቨሮች ካርቶን ውስጥ ትንሽ ማይክሮፎን ይገኛል፤ እርሱን በሚቀመጡበት ቦታ በጆሮ ከፍታ አኑሮ ቤቱን ጸጥ ሲያሰኙት ሪሲቨሩ ራሱ እየጮኸ ይለካል። ሲጨርስ የሰብዉፈሩን ርቀት ከእውነተኛው አርዝሞ ቢጽፍ አያስደንቅ፤ በሰብዉፈሩ ሆድ ውስጥ ድምፁ የሚዘገይበትን ጊዜም በርቀት ቆጥሮ ነው። ማይክሮፎኑ ከሌለ በሜትር ለክቶ መጻፍ ይበቃል። በጀርባው 0 እና 180 የሚል ማብሪያ ካለ፥ ወፍራም ድምፁ የማይቋረጥ አንድ ሙዚቃ ከፍቶ፥ አንዱ ሰው ከመቀመጫው ሆኖ ሲያዳምጥ ሌላው ማብሪያውን ያመላልሰው፤ በመቀመጫው ዘንድ ድምፁ የሚሞላበት ወገን ትክክለኛው ነው።

ስለ ቦታው ትንሽ ሰፋ አድርገን እንናገር፤ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ሰብዉፈር በመጥፎ ቦታ ከርካሹ ሊያንስ ይችላልና። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። እንግዲህ የ4,000 ሄርትዝ ቀጭን ድምፅ አንድ ማዕበሉ ከዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ያነሰ ሲሆን፥ የ40 ሄርትዝ ማዕበል ግን ከስምንት ሜትር ተኩል ይበልጣል። ይህ ማለት ከክፍሉ የሚረዝም ነው። አራት ሜትር ርዝመት ባለው ሳሎን ውስጥ 43 ሄርትዝ አካባቢ ያለው ድምፅ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ በግድግዳዎቹ ዘንድ ያብጣል፥ በክፍሉ መካከል ግን ይከሳል። በሶፋው በክፍሉ መሐል የተቀመጠው አባት «ድምፁ የለም፤ ጨምሩ» ሲል፥ በግድግዳ ሥር የተቀመጡት እናት «ልቤን መታው፤ ቀንሱ» የሚሉት ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሣጥኑ በማዕዘን ሲሆን ድምፁ ይጎላል፤ ከማዕዘን ሲርቅ ግን ድምፁ ይቀንሳል፥ አንዳንድ ጊዜም ይጠራል። ጥሩውን ቦታ ለማግኘት ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ የሚያስቅ ቢመስልም ትክክል ነው። ሰብዉፈሩን ራሱን በሶፋው ላይ በሰው ቦታ ያስቀምጡታል፤ ሙዚቃ ይከፈታል፤ ከዚያ ሰውየው ጎንበስ ብሎ በየግድግዳው ሥር እየዞረ ያዳምጣል። ድምፁ ሳያብጥና ሳይከሳ በእኩል የሚሰማበት ቦታ ሲገኝ ሣጥኑ ወደዚያ ይወሰዳል። ልጆች ይህን ሥራ ደስ እያላቸው ይሠራሉ።

ከተገናኘ በኋላ ሙዚቃ ሳይኖር «እምምም» የሚል ድምፅ ከወጣ፥ ይህ የኤሌክትሪኩ የ50 ሄርትዝ ድምፅና የእርሱ ብዜት ነው። ሁለቱን ዕቃዎች በአንድ ዲቫይደር ላይ መሰካት፥ የምልክቱንም ገመድ ከኤሌክትሪክ ገመዶች ጎን ለጎን አለማስኬድ ብዙውን ጊዜ ያስተካክለዋል። ካልተስተካከለ ከዲሽ የሚመጣውን ገመድ ከዲሹ ሣጥን ላይ ለጥቂት ጊዜ ፈትቶ መሞከር ነው፤ ጸጥ ካለ መንገዱ ታወቀ ማለት ነው፥ ለዚያም የሚሆን መለያያ ዕቃ በገበያ ይሸጣል። አንዳንድ ሰው ግን ድምፁን ለማጥፋት የስፒናውን የመሬት መስመር ይቆርጣል። ይህን ፈጽሞ እንቃወማለን። ያ መስመር የተሠራው ዕቃው በውስጡ ሲበላሽ ኤሌክትሪኩ በሚነካው ሰው ሰውነት ሳይሆን በሽቦ ወደ መሬት እንዲወርድ ነው፤ ሰብዉፈሩን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚነካው ወለል ላይ የሚጫወተው ሕፃን ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ የጎረቤት ነው። ቀጭን ድምፅ በግድግዳ፣ በመጋረጃና በምንጣፍ ይታገዳል። ወፍራም ድምፅ ግን የብሎኬቱን ግድግዳ ራሱን እያርገበገበ ያልፋል፤ ስለዚህ በኮንዶሚኒየም ያለ ጎረቤት የፊልሙን ንግግር ሳይሰማ ነጎድጓዱን ብቻ ይሰማል፥ ይህም ከሙሉው ድምፅ ይልቅ ያሰለቻል። መስኮት መዝጋትና መጋረጃ ማወፈር ለዚህ አይረዳም። ሣጥኑን በወፍራም ስፖንጅ ወይም በጎማ ላይ ማሳረፍ በወለሉ በኩል ወደ ታች የሚወርደውን ንዝረት ይቀንሳል፤ በአየር የሚሄደውን ግን አያስቀርም። ለዚያ ያለው መፍትሔ መቀነስ ነው። በቤት ውስጥ ጆሮአቸው የደከመ አያት ካሉና ንግግሩ አልሰማ ካላቸው፥ የሁሉንም ድምፅ ከፍ ማድረግ ሰብዉፈሩንም አብሮ ከፍ ያደርጋል። ይልቁንስ በማስተካከያው ገጽ የመካከለኛውን ስፒከር ብቻ በሦስት ወይም በአራት ዴሲቤል ከፍ፥ ሰብዉፈሩን በዚያው ልክ ዝቅ ማድረግ ይሻላል። በብዙ ሪሲቨሮችም ለሌሊት የተለየ ማዳመጫ አለ፤ ከፍተኛውን ድምፅ አውርዶ ዝቅተኛውን ያነሣል፥ ስለዚህ ሹክሹክታው ይሰማል፥ ፍንዳታው ግን ቤት አያናውጥም።

አንድ የምናውቃቸው ሰው ሰብዉፈራቸውን ባስተካከሉ ማግሥት ከታች ወዳለው ቤት ወርደው፥ «እትዬ፥ ልጄ ከላይ ይከፍተዋል፤ እርስዎ መኝታ ቤትዎ ውስጥ ሆነው የሚሰማዎትን ይንገሩኝ» ብለው ጠየቁ። ሴትየዋም የአራት ወር ሕፃን ነበራቸውና፥ «ጋሼ፥ አሁን ይሰማል፤ ትንሽ ይውረድ፤ ይኸው እዚያ ላይ ደኅና ነው» እያሉ፥ ልጁም በስልክ እየታዘዘ ማዞሪያውን ቀነሰ። የተስማሙበትንም ቦታ በነጭ የጥፍር ቀለም ነጠብጣብ አደረጉበት። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ማዞሪያው ከዚያች ነጥብ አያልፍም።